አደገኛ ነው፣ አትጠጉ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ሚስቴ ናት። አማቴ ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ ልታስታምማቸው ትናንት ሄደች፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ አትመለስም። ሻንጣዋን ከዘጋች በኋላ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ሰው ላይ መጮህ ሲያምርህ እዚህ ላይ ጩህ» አለችኝ። ሃምሳ አራት ዓመት ሞልቶኛል፤ ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ የቤት ሥራ ተሰጠኝ።

እሺ፣ ልጩህ። ከልጄ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ተርም ማሳሰቢያ በስልክ መጣ። «ውድ ወላጆች፣ ፀሐይ የሚከላከል ኮፍያ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ቢሆን ይመረጣል።» ግዴታ ነው ወይስ ይመረጣል? «ማክሰኞ ማክሰኞ ዋና አለ። የዋና ልብስ፣ ፎጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ውሃ በኮዳ። ሁሉም ላይ ስም ይጻፍበት።» ውሃውም ላይ? ለርዕሰ መምህርቷ ዐሥራ አንድ ነጥብ ያለው እርማት ላክሁ። «እናመሰግናለን» ብላ የአበባ ሥዕል መለሰችልኝ። አበባውን ምን ላድርገው?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

ትናንት የመጀመሪያው የዋና ቀን ነበር። በሁሉም ዕቃ ላይ ስሟን በማይለቅ ቀለም ጻፍሁ፤ በኮዳው፣ በክዳኑ፣ በክዳኑ ማሰሪያ ላይ ሳይቀር። ፎጣውን ረሳሁት። ልጅቷ በሸሚዟ ተጠራርጋ፣ ርጥብ ሸሚዝ ለብሳ መጣች።

«ፎጣሽ የታለ?» ብዬ ጮህሁባት። ቦርሳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

«አልጋው ላይ ነው አባዬ። ስም እስኪደርቅለት ብለህ አስጥተኸው ነበር።»

ስምንት ዓመቷ ነው። በስተርጅና የመጣች ልጅ ናት። መልስ አታጣም፤ በማን እንደወጣች እንጃ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 17

ጠዋት ፀጉሯን እኔ አሰርሁት። ሁለቱ ጉንጉኖች እኩል እንዲሆኑ መሐሉን በማስመሪያ ከፈልሁ። ልጅቷ መስተዋት አየችና ከእኛ በታች ወዳለው ፎቅ ወረደች። እዚያ ልብስ የሚሰፉ ጎረቤት አሉን፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ከሥራ እስክወጣ የምትቆየው እሳቸው ጋ ነው፤ እማማ ትላቸዋለች። ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ልጅ ሆናለች።

«ምን አሉሽ?»

«‹አባትሽ ድልድይ ነው እንዴ የሠራብሽ?› አሉኝ።»

ድልድይ አልሠራም። ስለ ሥራዬ እዚህ ልጻፈው፤ ሰው ሲጠይቀኝ ሳስረዳ ሁልጊዜ ፊቱ ይለወጣል። የሌሎች መሐንዲሶችን ሥራ እመረምራለሁ። ሰው ደክሞ የጨረሰውን ነገር ዞሬ አያለሁ፤ የተሳሳተውን አገኛለሁ፤ ዙሪያውን ቀይና ነጭ ላስቲክ ወጥሬ፣ «አደገኛ ነው፣ አትጠጉ» የሚል ሰሌዳ ሰቅዬ እሄዳለሁ። የላስቲኩ ጥቅልና ሰሌዳው ከመኪናዬ አይወርዱም። ሚስቴ በሠርጋችን ቀን እንኳ መኪናው ውስጥ ነበሩ እያለች ለሰው ታወራለች። ውሸቷን ነው። ሰሌዳው ብቻ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 26

የስፖርት ቀን ተቆረጠ፤ ግንቦት 10። ልጄ በዱላ ቅብብል የመጨረሻዋ ሯጭ ሆና ተመርጣለች። ሳምንቱን ሙሉ ማማሰያ ይዛ በኮሪደሩ ስትሮጥ ከረመች፤ ልብስ ሰፊዋ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድባሉ። ዛሬ ማማሰያውን የማቀብላት እኔ ነበርሁ። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ፊቷን ወደፊት አድርጋ ትጠብቃለች።

«ዞር ብለሽ እዪ እንጂ! ሳታዪ ብትቀበዪ ይወድቃል።»

«ዞር አይባልም አባዬ። ይታመናል።»

ይህ አሠራር ከባድ ጉድለት አለበት። ለስፖርት መምህሩ ልጽፍለት አስቤ ነበር፤ ተውሁት። ይህም ይመዝገብልኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

ከትምህርት ቤት አሁን ገባን። ትክክል ነበርሁ። ልጅቷ ክፍሏን ዘግታለች። እራት ልሥራና እጽፈዋለሁ።

ማታ። ማካሮኒው ተቃጠለ። እንግዲህ እንደሆነው ልጻፈው።

ሜዳው ላይ ለወላጆች መቀመጫ ትልቅ ጥላ ተተክሏል፤ ስድስት የብረት ምሰሶ፣ ከላይ ሸራ። በነጻ የሠራው ከወላጆቹ አንዱ፣ ብረት በያጅ የሆነ አባት ነው። ገና ከበሩ ስገባ ዓይኔ ምሰሶዎቹ እግር ላይ ሄደ። በብሎን አልታሰሩም። በባልዲ ድንጋይ ተሞልቶ፣ ምሰሶው ባልዲው ውስጥ ተተክሏል። ባልዲ! በዚያ ሸራ ነፋስ ቢገባበት መርከብ ነው የሚሆነው። ከሥሩ አያቶች ተቀምጠዋል፤ ሕፃናት ይድሃሉ።

ለስፖርት መምህሩ ነገርሁት። «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ነፋስ የለም» አለኝ። ይህን ዐረፍተ ነገር በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ከዚያ በኋላ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። ወላጆቹን አስነሣሁ። ብረት በያጁ ትንሿን ልጁን ታቅፎ እየመጣ ሳለ «ይህን የሠራ ሰው ማነው? ፍየል እንኳ አያስሩበትም!» አልሁ። እሱ መሆኑን አላውቅም ነበር። ባውቅም እለው ነበር፤ በትንሹ ዝግ አድርጌ። ከመኪናዬ ላስቲኩን አመጣሁ። ሩጫው የሚጀመርበትን መስመር ጨምሮ ዙሪያውን ወጠርሁት፤ ደንቡ የቁመቱን አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት ይላል። ሰሌዳውን ሰቀልሁ። ርዕሰ መምህርቷ መጣች፣ ሰሌዳውን አነበበች፣ እኔን አየች፤ ያለ ጥላ ደግሞ ፀሐዩ አይቻልም ብላ ቀኑን ሰረዘችው። ልጆቹ ከነቁጥር መለያቸው ወደ ቤት ተመለሱ።

የዱላ ቅብብሉ አልተሮጠም።

በመኪና ውስጥ «ሰው ከሚጎዳ ሩጫ ቢቀር ይሻላል፤ አይደለም?» አልኋት።

«አዎ» አለች። በመስኮት ወደ ውጭ እያየች።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ሌሊቱን ነፋስ ነበር። ጠዋት ሆን ብዬ በትምህርት ቤቱ በኩል ዞርሁ። ጥላው ሜዳው ላይ ተነጥፏል፤ አንዱ ምሰሶ የክፍል መስኮት ሰብሮ ገብቷል። በወላጆች ግሩፕ ፎቶውን ለቀቅሁት፤ «ለግንዛቤ» ብዬ ብቻ። አርባ ሁለት ሰው አየው። ማንም ምንም አልጻፈም። ቀኑን ሙሉ ስልኬን እያነሣሁ አየሁ። አንድ ሰው «ተመስገን፣ አተረፍከን» ማለት ምን ይከብደዋል? ሚስቴ ስትደውል አነበብሁላት።

«ትክክል ነህ» አለችኝ።

«እሱን እኮ ነው የምለው!»

«ሁልጊዜም ትክክል ነህ። እናቴን አመማት፤ ልዝጋ።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ሰሌዳዬን ለመውሰድ ሄድሁ። የለም። ዘበኛው ላስቲኩን ጠቅልሎ አስቀምጦልኛል፤ ሰሌዳውን ግን አላየሁም አለ። የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ ማመልከት ሊኖርብኝ ነው።

ደጅ ቆሜ ሳለ የልጄ ክፍል ልጆች ለዋና ተሰልፈው ወጡ። አዲስ ጨዋታ ጀምረዋል። አንዱ «አትጠጉ መጣች!» ብሎ ይጮኻል፤ ሁሉም እየሳቁ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። ልጄ መሐል ላይ ቀረች፤ የምታባርረው እሷ ናት መሰለኝ። ግን አላባረረችም፤ ፎጣዋን አቅፋ ቆመች። ማታ «ጨዋታ ላይ እንዲህ አይፈዘዝም፤ ሩጪ እንጂ» ብዬ መከርኋት። «እሺ» አለች። ዛሬ ፎጣ አልረሳሁም።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

አልበላ ብላለች። እንቁላሉ ጨው አንሶታል ትላለች። ቀመስሁት፤ አላነሰውም።

የተሰረዘው የስፖርት ቀን መቼ እንደሚካሄድ ጠየቅኋት። «ግንቦት 24 ነው፤ ወላጅ አይገባም ተባለ» አለችኝ። በመጨረሻ አንድ ሥርዓት ያለው ውሳኔ! የወላጅ ግርግር ነው ሁሉን ያበላሸው። ግሩፑን ካየሁ ቀናት አልፈዋል፤ አኩርፌ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። (አርባ ሁለት ሰው!)

ሐሙስ፣ ግንቦት 22

ልጅቷ የረሳችውን ኮፍያ ላደርስላት ብቅ ብዬ ነበር። ዘበኛው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ኢንጂነር! እንኳን በሰላም ገቡ! ጉዞው እንዴት ነበር?»

«የምን ጉዞ?»

«መስክ ወጥተው አልነበር? ልጅቷ ሩቅ አገር፣ ድልድይ ላይ ናቸው ብላን...» ፊቴን አየና ኮፍያውን ከእጄ ወሰደ። «እኔ አደርስላታለሁ። ፀሐይ ነው፣ አይልፉ።»

ሰውዬው ከሌላ ወላጅ ጋር አምታቶኛል። ብዙ ሰው ነው የሚያየው። ድልድይ እንደማልሠራ ልነግረው ዞር ብዬ ነበር፤ በሩን ዘግቷል።

እሑድ፣ ግንቦት 25

ከሰዓት የወላጆችን ግሩፕ ከፈትሁት። የትናንቱ የስፖርት ቀን ፎቶዎች። ወላጆች ሞልተዋል። አባቶች ከልጆቻቸው ጋር በጆንያ ይዘላሉ። ርዕሰ መምህርቷ በማንኪያ እንቁላል ይዛ ትሮጣለች። አንዱ ፎቶ ላይ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው ይሮጣሉ፤ በሌላ እጃቸው የልጄን እጅ ይዘዋል። ልጄ አፏን ከፍታ ትስቃለች። የጎደለው ጥርሷ ይታያል። መቼ ነው የወለቀው?

ከፎቶው ሥር የክፍሏ መምህርት «አባቷ ከመስክ እስኪመለሱ አያቷ ተክተዋል» ብላ ጽፋለች።

ወደ ታች ወረድሁ። ልጄ ላይ ቤት መጽሐፍ ታነብ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ክር በመርፌ ቀዳዳ እያስገቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«አወቅህ ማለት ነው» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለማን ልንገር? ሳልጨርስ አትጮህብኝም?» ክሩን ጎተቱት። «ልጅቷ መጥታ ‹እማማ፣ አባዬ መንገድ ሄዷል ብዬ ተናግሬያለሁ፤ አያቴ ይሁኑልኝ› አለችኝ። ምን ልበላት? ሰሌዳህን ፈልገህ አጥተኸዋል አሉ።»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው።»

«እንግዲያስ ንብረትህ እሷ ወንበር ጀርባ ላይ ተሰቅሎ ነው የሰነበተው። አትጠጉ፣ አትጠጉ እያሏት። ነቅላ አመጣችልኝ። ያው፣ የስፌት መኪናዬ ይወላገድ ነበር፤ እግሩ ሥር አድርጌዋለሁ። አሁን ቀጥ ብሏል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ቀጥ ብሏል።

ይህ ደብተር ይመስክርልኝ፤ አልጮህሁም። ደረጃውን ወጣሁ። ልጄ ከመጽሐፏ ላይ ቀና ብላ አየችኝ፤ የጠበቀችው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። «ጨው የበዛበት እንቁላል ልሥራልሽ?» አልኋት።

ሰኞ፣ ግንቦት 26

ሥራ ላይ አንድም ስህተት አላገኘሁም። ረዳቴ አሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ከላይ የጻፍሁትን ደግሜ አነበብሁ። «አዲስ ጨዋታ ጀምረዋል።» ይህን የጻፈ ሰው በምርመራ ሥራ ደመወዝ ይበላል!

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

የተርሙ የመጨረሻ ማሳሰቢያ። በትምህርት ቤቱ ልማድ መሠረት በመዝጊያው ቀን ልጆቹ አስተማሪ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ ሰው ይዞ ይመጣል። ያ ሰው በትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጅ እያወጣ ይማራል። ሰኔ 21። «አንድ ሰው ብቻ፤ ልጁ የመረጠው።» ተረስተው የቀሩ ልብሶች ከቢሮ ይወሰዱ። ኮፍያ ግዴታ ነው። («ይመረጣል» የሚለው ወጥቷል። ለማንም አልነገርሁም።)

ልጄ ማንን እንደምትወስድ አልጠየቅኋትም። ለሚስቴ ነገርኋት።

«ጠይቃት እንጂ!»

«ልብስ ሰፊዋን ብትለኝስ?»

«ትውጣታለህ። ሌላውን ስታስውጥ ኖረሃል፤ አንተ ምን ቤት ነህ?»

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ብረት በያጁ ጋ ሄድሁ። መኪናዬ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ንግግር አዘጋጀሁ። ስወርድ ሁሉም ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ ደግሞ ምን ፈረሰ?» አለኝ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ።

«ምንም። ስለ ፍየሉ ነው የመጣሁት።»

ሳቀ። ከዚያ መሳቁን አቆመ። «ብሎን እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ እኮ። ሲሚንቶውን ለመብሳት አልፈቀዱልኝም፤ ሜዳው ይበላሻል ብለው። ልጄ እጄ ላይ ሆና ነው የሰማችው። ‹አባዬ፣ አንተ ነህ ፍየሉ?› ብላኛለች።»

«በድዬሃለሁ» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ውጭ አገር ቋንቋ ነበር። ለመዝጊያው ቀን ጥላው እንደገና እንደሚተከል ነገረኝ፤ መሬቱን የመብሳት ፈቃድ እኔ ከርዕሰ መምህርቷ ላመጣ ተስማማን። «ሳትጮህባት ግን» አለኝ። ሁሉም ሰው አንድ መልመጃ ነው የሚሰጠኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ተከልነው። መሰላል ያዝሁ፤ ብሎን አቀበልሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ አስተያየት ሰጠሁ፤ አንዱን ተቀበለኝ። ጣቴን ቀጠቀጥሁ። ለመጻፍ ያማል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 20

እራት ላይ ልጄ ሩዙን በሹካ እያማሰለች ድንገት ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ከመንገድ መቼ ነው የምትመለሰው?»

ሹካዬን አስቀመጥሁ። ታውቃለች ማለት ነው፤ ማወቄን ታውቃለች። ከመቼ ጀምሮ?

«ድልድዩ እያለቀ ነው» አልኋት። «ነገ ጠዋት መድረስ እችላለሁ። የሚጠብቀኝ ሰው ካለ።»

«ሳትጮህ?»

«ሳልጮህ።»

«ላስቲኩስ?»

ተነሣሁ፤ ወደ መኪናው ወርጄ ጥቅሉን አመጣሁላት። ተቀበለችኝና ታች ወስዳ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻቸው። ምን እንደሚያደርጉበት አላውቅም። አልጠየቅሁም።

ዓርብ፣ ሰኔ 21

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድሁ። ዘበኛው «እንኳን በሰላም ተመለሱ፣ ኢንጂነር» አለኝ፤ ፊቱ ላይ አንድም ፈገግታ የለም። «እንኳን ደህና ቆየኸኝ» አልሁት። «ድልድዩስ?» አለኝ። «ያሻግራል» አልሁት።

በትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ጉልበቴ አገጬ ጋ ደረሰ። አጠገቤ ብረት በያጁ፤ የእሱም እንደዚያው። ከኋላዬ አንድ ልጅ «ይሄ እኮ የአትጠጉ አባት ነው» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። ልጄም ሰማች። ጆሮዋ ቀላ፤ ግን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አልሸሸችም።

ትልቅ ካርቶን ላይ የሣለችውን ሥዕል ዘረጋች። «የዛሬ ትምህርት፣ ስህተት ፈልጉ» አለች። «እጅ ይወጣል። ቀስ ተብሎ ይነገራል። የሚጮህ ተማሪ ይወጣል።» እኔን እያየች ነው። ይህን ሥዕል ለመሣል ሁለት ሳምንት እንደፈጀባት መምህርቷ በኋላ ነገረችኝ። ሁለት ሳምንት፤ ማለትም እኔ ገና መንገድ ላይ ሳለሁ። ስህተት የመፈለግ ትምህርት ለልብስ ሰፊ አይዘጋጅም።

እጄን አወጣሁ። ውሻው አምስት እግር አለው። «ልክ ነህ» አለችኝ። እጄን አወጣሁ። ጥላው ያለ ብሎን ቆሟል፤ ባልዲ ላይ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ብረት በያጁ ትከሻዬን መታኝ፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ ከሁሉም በላይ ሳቀ። የሰዎቹ ጥላ ወደ ፀሐዩ በኩል ወድቋል። የሰዓቱ ቁጥር ዐሥራ ሦስት ይደርሳል።

«ጎበዝ። አንድ ቀርቷል» አለችኝ።

አላገኘሁትም። ደወል ተደወለ።

ማታ። ሥዕሉን ይዘነው መጥተን ወጥ ቤት ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ስመረምረው አመሸሁ። ጣሪያው ልክ ነው። መስኮቶቹ እኩል ናቸው። ግቢው ውስጥ እናትየዋና ልጅቷ አሉ፤ ጣታቸው አምስት አምስት ነው። አጥሩ ልክ ነው። ከአጥሩ ውጭ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ አለ፤ ቁመቱ ከበሩ ጋር ይመጣጠናል።

ልጄ ጥርሷን እየቦረሸች መጣች። «አገኘኸው?»

«አላገኘሁም። ንገሪኝ።»

«ሰውዬውን እየው።»

«አየሁት። ሰውዬው ምንም ጉድለት የለበትም።»

የቡሩሹን አረፋ ልትተፋ ሄደችና ተመልሳ፣ በበሩ በኩል አንገቷን ብቻ አስግጋ አየችኝ። «ታዲያ ውጭ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ሄዳ ተኛች።

ማስመሪያዬን አምጥቼ ለካሁት። በሩ ለሰውዬው ይበቃዋል።